ከሕንፃዎቻችን መካከል ያለችው ባዶ መሬት

በአሽዶድ በተደረገ የወላጆችና የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ስለ ሰፈር መናፈሻ የቀረበ የጤና ትምህርት

ከሥራ ደክማችሁ፣ ልጅ ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ጉልበታችሁን እያመማችሁ ደረጃ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

እኛ በጤና አገናኝነት የምንሠራው ስንጠራችሁ ብዙ ጊዜ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ክትባት ነው። ዛሬ የጠራናችሁ ግን ከሕንፃዎቻችን መካከል ስላለችው ባዶ መሬት ለመነጋገር ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በአንድ ጎኗ የቆሻሻ ገንዳ፣ በሌላው ጎኗ ሁለት የተሰባበሩ አግዳሚ ወንበሮች ያሉባት፣ በበጋ አሸዋ በክረምት ደግሞ ኩሬ የምትሆነው ናት። ይህችን መሬት መናፈሻ ለማድረግ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሥራ ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። «የጤና ሰዎች ስለ መሬት ምን አገባቸው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር።

በሀገር ቤት ሳለን ስፖርት የሚባል ቃል አያስፈልገንም ነበር። ውሃው ከምንጭ፣ እንጨቱ ከዱር፣ ገበያው በእግር ነው። ከወለቃ ጎንደር ሸክላ ተሸክማ ሄዳ የምትመለስ እናት የእግር ጉዞ እንድታደርግ የሚመክራት ሐኪም አላስፈለጋትም። ከመንደር በቀጥታ በመጣው ወገናችን ላይ የስኳር በሽታ ብርቅ ነበር። እዚህ ጥቂት ዓመታት በቆዩት ላይ ግን፣ ያውም በወጣቶቹ ጭምር፣ በሽታው መብዛቱ በ1988 በአውሮፓ አቆጣጠር በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። ደማችን በአውሮፕላን ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ኑሮው ነው። ነጭ ዱቄት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ በአሳንሰር መውጣት፣ በአውቶቡስ መሄድ፣ ከዚያም ቤት መቀመጥ መጣ።

መልካሙ ነገር፣ ኑሮ ያመጣውን ኑሮ በከፊል ሊመልሰው መቻሉ ነው። በአሜሪካ ለስኳር በሽታ የቀረቡ ከ3,200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በ2002 ታትሞ ነበር። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለው የተራመዱት፣ አመጋገባቸውን ያስተካከሉትና ክብደታቸውን በትንሹ የቀነሱት ሰዎች በበሽታው የመያዛቸው ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ጥናት ኪኒን ብቻ ከወሰዱት ይልቅ የተጠቀሙት እነዚህ ነበሩ። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ይህን ሁላችሁም ከኩፓት ሖሊም ሰምታችኋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ የት እንራመድ?

አሽዶድ መናፈሻ የላትም ማለታችን አይደለም። ከተማችን በ1956 በአሸዋ ላይ የተቆረቆረች፣ በሮቫ በሮቫ ተከፋፍላ የታቀደች ናት። በላኺሽ ወንዝ ዳር ሰፊ መናፈሻ አለ፤ ልጆችን ወስዳችሁ እንስሳቱን ያሳያችሁ ትኖራላችሁ። የባሕሩ ዳርም የታወቀ ነው። ነገር ግን በከዘራ የሚሄድ የሰባ አምስት ዓመት ሰው በየቀኑ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወንዝ ዳር አይደርስም። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታይ መናፈሻ ለፎቶግራፍ ይሆናል፤ የደም ስኳርን የሚያወርደው ግን ከደጃፍ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ያለ፣ ጥላና መቀመጫ ያለው ቦታ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ብዙ ፀሐይ ካላገኘ በቂ ቫይታሚን ዲ አይሠራም። በሀገራችን ቀኑን ሙሉ ውጭ ስለምንውል አላስጨነቀንም። እዚህ ግን ቤት የሚውሉ እናቶችና ሽማግሌዎች፣ ከእነሱም የሚወለዱና የሚጠቡ ሕፃናት ይጎድላቸዋል። አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻ ይደክማል፣ ሰው ይወድቃል። «አጥንቴን ይቆረጥመኛል» ስትሉን ይህም አንዱ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ እንዲታዘዝላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ፀሐይ በሞላበት ሀገር የፀሐይ እጥረት መኖሩ ያስቃል፤ ግን እውነት ነው።

በምርመራ ወረቀት ላይ የማይጻፈውንም እናንሣ። ቤታችሁ ስንመጣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ቴሌቪዥኑ በማይሰሙት ቋንቋ እየጮኸ፣ ብቻቸውን ተቀምጠው የምናገኛቸው አባቶች አሉ። በሀገራቸው እርሻ የነበራቸው፣ ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰዎች ናቸው። እዚህ ግን ለስልክ መልስ እንኳ የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ። ለዚህ ኪኒን ብቻ መስጠት ለእኛ አልዋጥልን ብሎናል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ 541 ባዶና ቆሻሻ የሞላባቸው ቦታዎችን በዕጣ ከፍለው አንዳንዶቹን አጸዱ፣ ሣር ዘሩ፣ ጥቂት ዛፍ ተከሉ፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ሠሩ። ሌሎቹን እንዳሉ ተዉአቸው። በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ በለሙት ቦታዎች አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ላይ የድብርት ስሜት ካልተነኩት ጋር ሲነጻጸር ከ41 በመቶ በላይ ቀነሰ። ለአንድ ቦታ የወጣው ገንዘብ ወደ 1,600 ዶላር ነበር። ፏፏቴ አልሠሩም፣ ሐውልት አላቆሙም።

«ይህ የከተማው ሥራ ነው፤ እኛ ምን አቅም አለን?» የሚሉንን አባቶች እናከብራለን፤ ግን በዚህ አንስማማም። በዚሁ ሀገር ነዋሪ ተባብሮ ያገኛቸው መናፈሻዎች አሉ። በኢየሩሳሌም ኤሜክ ሀጽቫዪም፣ የሚዳቋዎች ሸለቆ ማለት ነው፣ በ1990ዎቹ ብዙ ሕንፃ ሊሠራበት ታቅዶ ነበር። በዙሪያው ያሉ ሰፈሮች ነዋሪዎች ከተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ጋር ሆነው ዓመታት ተከራከሩ፤ በ2015 ሚዳቋዎቹ እንዳሉበት ለሕዝብ የተከፈተ መናፈሻ ሆነ። በዚያችው ከተማ ደግሞ በ1892 የተከፈተው ከያፎ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ነበር። በ1998 ባቡሩ ከቆመ በኋላ ሐዲዱ ቆሻሻ መጣያ ሆነ፣ የመኪና መንገድ ሊሠራበትም ታሰበ። ነዋሪው ተቃወመ። ዛሬ ከ2010 አካባቢ ጀምሮ በየደረጃው የተከፈተ የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው፤ በሀብታሙም በድሃውም ሰፈር፣ በአይሁዱም በዓረቡም ሰፈር ያልፋል። ሁለቱም ሥራዎች ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅተዋል። ይህን የምንነግራችሁ ልናስፈራራችሁ አይደለም፤ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ እንዳይመስላችሁ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የቤር ሸቫው ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ካሊሸር በሚባለው የስደተኞች መቀበያ ማዕከል አጠገብ፣ ከኢትዮጵያ አዲስ የመጡ ቤተሰቦች የጋራ የአትክልት ቦታ ተሰጥቷቸው ቁራጭ መሬት ተካፍለው ማረስ ጀመሩ። ዕብራይስጥ ያልገባቸው አባቶች በመሬቱ ላይ መምህር ሆኑ። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ከጎመኑ ይልቅ ይህ ነው።

ደግሞስ መተባበር ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ደቦ ጠርቶ ያላሳጨደ፣ ወንፈል ያልገባ፣ ቤት ሲሠራ ጭቃ ያልረገጠ ከመካከላችሁ ማን አለ? የጎጆ ክዳን አንድ ሰው ብቻውን አያነሣውም። ይህን ባህል እዚህ ለሐዘንና ለሠርግ ጠብቀነዋል። ለመሬት ብቻ ነው የረሳነው።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር፤ ብዙዎቻችሁ በመስኮት ስላያችሁት መደበቅ አንችልም። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ገንዘብ አገኘን፣ ደስ አለን፣ ችግኝ ገዛን። ሽማግሌ አላማከርንም። ቀኑ የሰኔ መጀመሪያ ነበር። ልጆችን ሰብስበን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ሃያ አራት ችግኝ ተከልን። በሐምሌ አጋማሽ አሥራ ዘጠኙ ደርቀዋል። አንድ አባት በደረቀው ችግኝ አጠገብ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ በሰኔ መትከል የጎንደር ነው። የዚህ አገር ሰኔ ጠብታ የለውም» አሉን። በሀገራችን ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ራሱ ያጠጣል። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው ከጥቅምትና ከኅዳር በኋላ ነው፤ በመጋቢት ይሰናበታል። እኛ እዚህ ተምረን ያደግነው ሳናስበው፣ ፊደል ያልቆጠሩት አባት ሁለቱንም ሰማይ ያውቁ ነበር። በ2019 በኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በዓለም ሁሉ ሲነገር፣ አዋቂዎች የጠየቁት ስንቱ ጸደቀ ብለው ነበር። የእኛ ቁጥር ያንሳል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

በሁለተኛው ዓመት በሌላ መንገድ ሄድን። መጀመሪያ መሬቷ የማን እንደሆነች ተጠየቀ። ይህን ለሌላ ሰፈር ለምትኖሩ እንድትነግሩልን እንፈልጋለን። በሕንፃዎች መካከል ያለ መሬት አንዳንዱ የከተማው ነው፣ አንዳንዱ የቤቶቹ ባለቤቶች የጋራ ነው። የጋራ ከሆነ በቫድ ባይት በኩል የነዋሪው ስምምነት ይፈለጋል፤ የከተማው ከሆነ በማትናስ በኩል ወይም በ106 ደውሎ የሚመለከተውን ክፍል መጠየቅ ነው። ከመሬት በታች የመብራትና የውሃ መስመር ስለሚኖር ሳይጠየቅ ዶማ አይነሣም። ትልቅ ዛፍንም ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ዛፉ ደርቋል ብላችሁ ብታስቡም እንኳ።

ቀጥሎ በር እያንኳኳን ጎረቤት ጠራን። እዚህ ላይ ትንሽ ፈርተን ነበር። ከሩሲያ የመጡ፣ ከጆርጂያ የመጡ፣ ወላጆቻቸው ከሞሮኮ የመጡ ጎረቤቶች አሉን፤ በደረጃ ላይ «ሻሎም» ከመባባል ያለፈ ነገር የለንም። አንዲት ከዩክሬን የመጡ አሮጊት በመጀመሪያው ቀን በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፍተው አነጋገሩን። አሁን የችግኙን ቱቦ የሚዘረጉት እሳቸው ናቸው፤ በሀገራቸው የአትክልት ሥራ ባለሙያ ነበሩ። ከእኛ እናቶች ጋር የሚግባቡት በእጅ ነው። የሚያስተረጉሙት የልጅ ልጆች ሲሆኑ፣ ልጆቹም በዚህ ምክንያት ከስልካቸው ለአንድ ሰዓት ይነሣሉ። የእኛ ሰዎች ቡና ያፈላሉ፣ ከሩሲያ የመጡት ሽማግሌዎች ቼዝ ይዘው ይወርዳሉ። በጀበና ጭስ የተማረረ ጎረቤት እንዳለም መሸሸግ የለብንም፤ ስለዚህ ከሰሉ ከመስኮቶቹ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ተስማምተናል።

በጣም ያከራከረን የአግዳሚው ጉዳይ ነው። ከእናንተ ከወላጆች ብዙዎቻችሁ፣ «መቀመጫ ካለ ሌሊት ወጣቶች ተሰብስበው ይጠጣሉ፤ ፖሊስ መጥቶ ልጆቻችንን ይይዛል፤ ስለዚህ አግዳሚው ይነሣ» ብላችኋል። ፍርሃቱን ከየትም አላመጣችሁትም። በ2015ና በ2019 አደባባይ የወጣንበት ጉዳይ ነው፤ በ2016 በመንግሥት የተቋቋመው የፓልሞር ኮሚቴም በወገናችን ላይ አድልዎ መኖሩን በጽሑፍ አስፍሯል። ሆኖም እንደ ጤና ሠራተኞች አግዳሚው እንዲነሣ አንስማማም። ልቡ የደከመ ሰው በየሃምሳ ሜትሩ ካላረፈ ከቤቱ አይወጣም። አግዳሚውን ስናነሣ የሚቀጡት ወጣቶቹ ሳይሆኑ አያቶቻቸው ናቸው፤ ወጣቱ በድንጋይ ላይም ይቀመጣል። የወሰነው ስብሰባ መካከለኛ መንገድ አገኘ። አግዳሚዎቹ ጨለማ ካለበት ጥግ ወጥተው በመብራቱ ሥር፣ ከመስኮቶች በሚታዩበት በኩል እንዲሆኑ፣ መደገፊያና የእጅ ማረፊያ እንዲኖራቸው። የእጅ ማረፊያ የሌለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ መነሣት አይችልም። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ በዚያ ስብሰባ ተነሥቶ፣ «እኛን ማንም አልጠየቀንም፤ የምንሄድበት ቦታ ስለሌለን ነው እዚያ የምንቀመጠው» አለ። ዝም አልን። አሁን እሱና ጓደኞቹ የስፖርት ብረቶቹ የሚተከሉበትን ቦታ መርጠዋል። መጠጡ ቆሟል አንልም፤ ጠርሙስ ግን መስበራቸውን ትተዋል።

ስለ ዛፎቹ ጥቂት እንበል። ቄሶቻችን የሽሚጣን ነገር አስታውሰውናል። ያለፈው የሰባተኛ ዓመት ዕረፍት በ2021 መስከረም ተጀምሮ በ2022 አለቀ፤ የሚቀጥለው በ2028 መስከረም ይገባል። ኦሪት መሬቱን አሳርፉ በምትልበት ዓመት አንተክልም፤ ስለዚህ ለዛፍ ያሉን የዝናብ ወራት የተቆጠሩ ናቸው። ባምባ፣ በዕብራይስጥ ሺቅማ የሚባለው፣ ከአፍሪካ መጥቶ ከጥንት ጀምሮ በዚህ አሸዋማ የባሕር ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው። አባቶች ሲያዩት ዘመድ እንዳገኙ ሁሉ ደስ አላቸው፤ ጥላውም ሰፊ ነው። ነገር ግን ሥሩ ኃይለኛ ነው፣ ፍሬው ሲወድቅም መንገዱን ያንሸራትታል፤ ስለዚህ አንድ ብቻ፣ ከሕንፃና ከመሄጃ ራቅ ብሎ እንዲተከል ተስማማን። ወይራም ተጠይቆ ነበር። የወይራ አበባ ብናኝ በጸደይ ወቅት አስም ያለባቸውን ስለሚያስነሣ፣ በመስኮት ሥር እንዳይሆን ለምነናል።

ሃርዱፍ የሚባለውን ባለሮዝና ባለነጭ አበባ ቁጥቋጦ በየመንገዱ ታዩታላችሁ። ቅጠሉም ግንዱም መርዝ ነው፤ ልብን ይመታል። ሕፃናት እንዳያኝኩት፣ በእንጨቱም ሥጋ እንዳትጠብሱበት። እኛ አንተክለውም። ጤና አዳም ግን ይተከላል፤ ያለ ጤና አዳም ቡና የማይጠጡ እናቶች አሉና። ሆኖም ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃም ያቋጥራል። ለቅመም የሚቀነጠብ ጠዋት በማለዳ ወይም ማታ ይቀንጠብ፤ እጅ ይታጠብ። ነፍሰ ጡሮች እንደ መድኃኒት አፍልተው አይጠጡት።

ሐምራዊ ቀለም ያለው ቱቦ ካያችሁ ውሃው ታክሞ የተመለሰ የፍሳሽ ውሃ ነው። ለዛፍ ይሆናል፤ ለመጠጥ፣ ሲኒ ለማጠብ፣ ለልጅ ፊት አይሆንም። ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ በምንጭ ውሃ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ደግመን እንናገራለን፤ ሐምራዊውን አትንኩ።

ለስኳር ሕመምተኞች፤ ስትወርዱ የተዘጋ ጫማ አድርጉ። ስሜቱ የቀነሰ እግር በአሸዋ ላይ ባዶውን ሲሄድ ቢወጋም አያውቅም፤ የእግር መቆረጥ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነት ትንሽ ቁስል ነው። ማታ ስትገቡ እግራችሁን ከሥር ጭምር እዩ፣ ዓይን ከደከመ ልጅ ይይላችሁ። ኢንሱሊን የምትወጉ በኪሳችሁ ከረሜላ ወይም ቴምር ያዙ። ላብ ላብ ካላችሁና እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ተቀምጣችሁ ብሉ፤ ሥራውን ለመጨረስ አትታገሉ። በሐምሌና በነሐሴ ከማለዳና ከማታ በቀር አትውረዱ። በጾም ቀን ደግሞ ዶማ አይነሣም፤ መድኃኒት ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ስለ ሳይረንም ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የምትራመዱበት መንገድ በየትኛው በኩል ለመጠለያው እንደሚቀርብ በመጀመሪያው ቀን አብረን እየሄድን እናሳያለን። መሮጥ የማይችል ሰው በሩቁ ጥግ አይቀመጥ፤ አንደኛው አግዳሚ በመጠለያው በር አጠገብ የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ያለንበትን እንንገራችሁ። ባለፈው የዝናብ ወቅት ከተተከሉት አሥራ ስምንት ዛፎች አሥራ ስድስቱ ቆመዋል። የጎመኑና የበሶብላው መደብ በእናቶች እጅ ነው። ዛፎቹ ግን ሥር እስኪሰዱ ድረስ ሁለት በጋ መጠጣት አለባቸው፤ የነጠብጣብ ቱቦው በየጊዜው ይደፈናል፣ ድመትም ይነክሰዋል፣ ሰው ካላየው ዛፉ በሳምንት ይሞታል። የቧንቧው ቁልፍ ያለው በሦስተኛው መግቢያ ነው። ለእሑድ፣ ለሰኞና ለረቡዕ ተረኛ ተገኝቷል፤ ዓርብ ከሰንበት መግቢያ በፊት ልጆቹ ያያሉ። ለማክሰኞና ለሐሙስ ገና ሰው የለም። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መጻፍ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች እኛ እንጽፋለን።